«ውሃ ከጠጣ ይብስበታል» ስለሚባለው አስተያየት

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ልጆችን ስለሚይዘው የተቅማጥ በሽታ ነው።

ሰው ቡና ላይ ሲሰበሰብ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ይሰጣል። አንዱ «ላሖህ እንጀራን አይተካም» ይላል። ሌላው ከቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ ለመምጣት ጠዋት መሳፈር ይሻላል ወይስ ማታ እያለ ይከራከራል። ወጣቶቹ ደግሞ የትኛው ሞባይል ባትሪው እንደሚቆይ ያወራሉ። በእነዚህ ነገሮች ብንሳሳት የምናጣው ጥቂት ገንዘብ ወይም ጥቂት እንቅልፍ ነው። በአንዳንድ አስተያየት ግን ልጅ ይሞታል። ከእነዚህ አንዱ «ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ከጠጣ ይብስበታል» የሚለው ነው።

ውድ እናቶችና አባቶች፤ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ጀሪካን ቢያፈስና እኛም ውሃ መጨመር ብናቆም ቶሎ ባዶ ይሆናል። የልጅም ሰውነት እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ውሃ መከልከል ልጁን ያደርቀዋል እንጂ ተቅማጡን አያቆመውም።

ሁለተኛው አስተያየት «ግሉኮስ ካልተሰቀለለት አይድንም» የሚለው ነው። በዚህ ላይ እንደ እኛው ከስደተኞች የተገኘ ታሪክ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች ሕንድ ውስጥ ተጠልለው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው። ባንጋኦን በተባለ ቦታ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። እሳቸውም ስኳር፣ ጨውና ሶዳ በውሃ በጥብጠው በበርሜል አስቀመጡ፤ ቤተሰቦችም ለሕሙማኖቻቸው በኩባያ እየቀዱ አጠጡ። ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ያህል ወረደ። ዛሬ በከረጢት የምናገኘው ኦ አር ኤስ፣ ማለትም ሕይወት አድን ቅመም፣ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። ስኳሩ ጨውንና ውሃን ይዞ ከአንጀት ወደ ደም ያስገባል።

አበጣጠሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
2ኛ. ከረጢቱ ላይ ለስንት ውሃ እንደሆነ አንብቡ ወይም አስነብቡ። አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው። ተጠንቀቁ፤ ትልቁ የሃይላንድ ላስቲክ ብዙ ጊዜ 1 ሊትር ተኩል ይይዛል። ውሃው ከበዛ ቅመሙ ይሳሳል፤ ካነሰ ደግሞ ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳል።
3ኛ. ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ተጠቀሙ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉና አዲስ በጥብጡ።
4ኛ. ልጁ በተቀመጠ ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሩብ እስከ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ግማሽ እስከ አንድ ሙሉ ብርጭቆ በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ።

ከረጢት ካጣችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ለስላሳ መጠጥ ግን አይተካውም፤ ስኳሩ በጣም ብዙ ስለሆነ ተቅማጡን ያባብሳል።

የሚጠባ ልጅ መጥባቱን ይቀጥል። ምግብ የጀመረም አጥሚት፣ ሩዝ፣ ሙዝ የመሳሰለውን በትንሽ በትንሹ ይብላ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የዚንክ ኪኒን ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን አትቋረጡ። ፍላጂል፣ ቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ መድኃኒት ግን ጎረቤት ስላለ ወይም በሞባይል ምክር ስለተላከ ብቻ ገዝታችሁ አትስጡ።

ሦስተኛው አስተያየት «ጥርስ ሊያበቅል ነው፤ ግጉ ይውጣለት» የሚለው ነው። ልጅ በ6 ወር ገደማ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ቆሻሻ ነው። ግግ ማስወጣትም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጥን አያድንም። ይልቁንም ደም ያፈሳል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ ቴታነስና ኤች አይ ቪም ሊያስተላልፍ ይችላል።

የሚከተለውን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል ውሰዱት፦ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ፣ ደም ከተቀላቀለበት፣ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ብዙ ተቅማጥ ከወጣው። የመጨረሻው የኮሌራ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አዋቂንም ይገድላል። በመንገድ ላይም ማጠጣቱን አታቋርጡ።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነውና ውሃችንንም እንጠብቅ። የሐርጌሳ ውሃ ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ እንኳ በቦቴ፣ በአህያ ጋሪና በጀሪካን አልፎ ነው ቤታችን የሚደርሰው። ስለዚህ እስኪንተከተክ አፍሉት፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ እጅ ሳትነክሩ ቅዱ። መንገድ ስትወጡም ከልጁ ልብስ ጋር ሁለት የኦ አር ኤስ ከረጢት ያዙ።

በመጨረሻም፣ ዛሬ የሰማችሁትን ነገ ቡና ላይ ለጎረቤት ንገሩ። «ውሃ ከልክዪው» የምትል ብትኖር አትቆጧት፤ እሷም የሰማችውን ነው። ኩባያና ማንኪያ አንሡና አጠጥታችሁ አሳዩአት።