ሸክሙን ለአንድ እግር አንተው



  ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ከዚህ ዝግጅት ያልጠበቃችሁት ሊሆን ይችላል። ስለ ስፖርተኞች ጭንቀት እንነጋገራለን። «ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ደግሞ ምን ያስጨንቀዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ከሜዳው አልፎ ቤታችን ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ስጡን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከአንድ ምሽት እንጀምር። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2022፣ ካሜሩን፣ ያውንዴ ከተማ። የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ በሴኔጋልና በግብፅ መካከል ይካሄዳል። ብዙዎቻችን በየቤታችን ቡናችንን አስፈልተን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠናል። ጨዋታው ከተጀመረ ገና 7 ደቂቃ ሆኖታል፤ ሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ኳሷን ያነሣው ሳዲዮ ማኔ ነበር። መታ፤ የግብፁ ግብ ጠባቂ ጋባስኪ መለሰበት።

እውነቱን እንናገርና፣ በዚያች ቅጽበት እኛ ከተቀመጥንበትም «ድሮስ ከእሱ ምን ይጠበቃል!» የሚል ድምፅ ወጥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱም ያ ሰው ምን ተሸክሞ ኳሷ ፊት እንደቆመ አላሰበም።

ምን ነበር የተሸከመው? ሴኔጋል እስከዚያ ምሽት ድረስ የአፍሪካ ዋንጫን አንድም ጊዜ አንሥታ አታውቅም። በ2002 ባማኮ ላይ ለፍጻሜ ደርሳ በመለያ ምት በካሜሩን ተሸነፈች። የመጨረሻዋን ምት የሳተው የቡድኑ አምበል አሊዩ ሲሴ ነበር። በ2017 ደግሞ ጋቦን ውስጥ በሩብ ፍጻሜ ከዚያችው ካሜሩን ጋር ተገናኝታ ጨዋታው ለመለያ ምት ደረሰ። ሁሉም ሲያገባ አምስተኛው የሴኔጋል መቺ ሳተ፤ ቡድኑም ተሰናበተ። ያ መቺ ማኔ ነበር፤ ሜዳ ላይ ሲያለቅስ ዓለም ተመልክቶታል። በ2019 እንደገና ለፍጻሜ ደርሰው በአልጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፉ። እንግዲህ በ2022 ያውንዴ ላይ ኳሷን ያስቀመጠው ሰው የራሱን የ2017 እንባ፣ የሃያ ዓመት የሕዝብ ናፍቆትና የሚሊዮኖችን ዓይን ይዞ ነው የቆመው።

ውድ አድማጮች፣ ሰው አንድ አስፈሪ ነገር ሲጠብቅ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ እጁን ያልበዋል፣ ጡንቻው ይገታተራል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ለጥበቃ ያደረገልን ማንቂያ ነው። መጠነኛው ስፖርተኛውን ያነቃዋል። ሲበዛ ግን ሥራውን ያበላሽበታል። ለዓመታት ሳያስብ ሲሠራው የኖረውን ነገር «እግሬን የት ላሳርፍ? እንዴት ልምታ?» እያለ ማሰብ ይጀምራል። ደረጃ ሲወርድ እያንዳንዱን እርምጃውን መቁጠር የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚደናቀፍ ታውቃላችሁ፤ የእሱም ነገር እንደዚያው ነው።

ጌየር ዮርዴት የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪ የመለያ ምቶችን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ያገኙት ነገር ያስገርማል። «ካገባህ ቡድንህ አሁኑኑ ያሸንፋል» በሚባልበት ምት ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ያገባሉ። «ከሳትክ ቡድንህ አሁኑኑ ይሸነፋል» በሚባልበት ምት ግን የሚያገቡት ቁጥር በጣም ይቀንሳል። ኳሷ ያችው ናት፤ ርቀቱም ያው 11 ሜትር ነው። የተለወጠው በልብ ውስጥ ያለው ፍርሃት ብቻ ነው። በፍርሃት የተያዙትም ብዙውን ጊዜ ለመገላገል ይቸኩላሉ፤ ፊሽካው እንደተነፋ ሳይረጋጉ ይመታሉ።

ችግሩ የጥቂት ሰዎችም አይደለም። ፊፍፕሮ የተባለው ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት 607 በሥራ ላይ ያሉ ተጫዋቾች 38 ከመቶ የሚሆኑት የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው ገልጸዋል።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የሚሰማውን አንድ አነጋገር ማንሣት አለብን። «ጭንቀት የኢማን ማነስ ነው፤ ሙስሊም አይጨነቅም» ይባላል። ይህ የተጨነቀውን ሰው ዝም የሚያሰኝ፣ በሽታውንም የሚያስደብቅ አነጋገር ነው። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ማልቀሳቸውን የማያውቅ ማን አለ? ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ከጭንቀትና ከትካዜ በአላህ ይጠበቁ ነበር። መጠበቂያ የሚፈለገው ደግሞ በሰው ላይ ሊደርስ ከሚችል ነገር ነው። ተወኩልም ቢሆን ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። በመሆኑም «ጨንቆኛል» ያለን ሰው እምነቱን ከመመርመር በፊት ሸክሙን መጠየቅ ይቀድማል።

ሸክሙን ለጓደኞቿ ተናግራ ዞር ያለች አንዲት ስፖርተኛ እናስታውሳችሁ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ጁላይ 27 ቀን 2021፣ አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሞን ባይልስ ከቡድን ውድድሩ መካከል ወጣች። አየር ላይ ስትገለበጥ ሰውነቷ የት እንዳለ መለየት አቅቷት ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ብትቀጥል አንገቷን ልትሰብር ትችል ነበር። ብዙ ሰው «ቡድኗን ከዳች» ብሎ ሰደባት። ጓደኞቿ ግን ቦታዋን ሸፍነው የብር ሜዳሊያ አገኙ። እሷም ከቀናት በኋላ ተመልሳ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ከቡድኗ ጋር ወርቅ አገኘች። በጊዜው ማረፏ ከስፖርቱ አላስወጣትም።

አሁን ወደ ያውንዴ እንመለስ። ማኔ በ7ኛው ደቂቃ ሳተ። ጨዋታው ግን በዚያ አላለቀም። ጓደኞቹ መደበኛውንና ተጨማሪውን ሰዓት ጨምሮ 120 ደቂቃ ሙሉ ግብ ሳይገባባቸው ተከላከሉ። ለመለያ ምት ሲደረስ ኩሊባሊ፣ አብዱ ዲያሎና ባምባ ዲየንግ አገቡ። ቡና ሳር ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ሜንዲ ግን አንዷን የግብፅ ምት አድኖ ነበር። አሰልጣኛቸው ማን ነበር? ያው በ2002 የመጨረሻዋን ምት የሳተው አሊዩ ሲሴ! መሳት ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሜዳ አልነበረም። ያ ሰው ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ አምስተኛዋን ምት ለማኔ ተወለት። ማኔም አገባ። ሴኔጋል 4 ለ 2 አሸነፈች፤ በማግስቱም በአገሪቱ የሥራ ቀን ሳይሆን የበዓል ቀን ሆነ።

እኛ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ያን ምሽት የሆነው ይኸው ነው። የማኔን ስህተት ሌሎች ተሸከሙለት፤ የመጨረሻዋ ምትም በእነሱ ምቶች ላይ የቆመች ነበረች። በ2017 በብቻው ሸክም ያለቀሰው ሰው፣ በ2022 ሸክሙ ስለተከፈለለት ቆመ።

ነገሩን ከተሸናፊው በኩልም እንየው። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ማርች 29 ቀን 2022፣ ሁለቱ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ሴኔጋል ውስጥ እንደገና ተገናኙ። እንደገናም ለመለያ ምት ደረሱ። የግብፁ አምበል ሞሐመድ ሳላህ ሊመታ ሲቆም ከተመልካች በኩል አረንጓዴ የሌዘር ጨረር ፊቱ ላይ ይንቦገቦግ ነበር። ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ሳላህና ማኔ በአንድ ክለብ፣ በሊቨርፑል አብረው የተጫወቱ ሙስሊም ወንድማማቾች ናቸው። ያን ጨረር የያዙት እጆችም ከመካከላቸው ሰላት የሚሰግዱበት አይጠፉ ይሆናል። ደጋፊነት ሰውን በማሳወር አይገለጽም፤ ከሶፋችን ላይ የምንወረውረው ስድብም ከዚያ ጨረር ብዙ አይለይም።

ወላጆች ሆይ፣ አሁን ንግግራችን ወደ እናንተ ነው። ማኔ ሲስት «ድሮስ ከእሱ ምን ይጠበቃል!» ስንል፣ በዚያው ክፍል ልጆቻችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሰፈር ቡድን የሚጫወት ልጅ፣ ወይም ሰኞ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ፣ ከዚህ ምን ይማራል? «እኔም ከሳትኩ ቤተሰቤ የሚለኝ ይህንኑ ነው» ብሎ ይማራል። ታዲያ ምን እናድርግ?

ልጃችን ሲወጣ «አደራ፣ እንዳታሳፍረን!» አንበለው፤ «ያለህን አድርግ፣ ውጤቱ የአላህ ነው» እንበለው። ተሸንፎ ሲመጣ መጀመሪያ ምሳውን ይብላ፤ ስህተቱን የምንቆጥርበት ጊዜ ይደርሳል። እንዲረጋጋ ትንፋሹን ዘለግ አድርጎ እንዲያስወጣ፣ ሳይቸኩል እንዲጀምር እናስለምደው። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀና ይህም ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ዱዓችንን ሳናቋርጥ ወደ አእምሮ ሐኪም እንውሰደው። ለተሰበረ እግር ወጌሻ ወይም ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደማያሳፍር ሁሉ ይህም አያሳፍርም።

አሰልጣኞችና የቡድን አምበሎችም ካላችሁ አንድ ነገር እንለምናችሁ። የሳተውን ልጅ መጀመሪያ የሚያቅፈው እናንተ ሁኑ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ይከተላሉ።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ተጫዋች ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲራመድ ስናይ፣ ምላሳችንን ያዝ እናድርግና በዚያ ሰው ቦታ ልጃችንን እናስብ። አላህ የተጨነቁትን ሁሉ ያረጋጋልን፤ እኛንም የሰው ሸክም የምናቀል እንጂ የምንጨምር አያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ!