ስቅታን ለልጅ ማስረዳት
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአንድ መሐንዲስ የሚጠበቀው ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ እንዲናገር ነው። እኔ ግን በተሰጠኝ አጭር ጊዜ ስለ ስቅታ ለመናገር መርጫለሁ። ምክንያቱም የአንድን ነገር አሠራር ለአንድ ባለሥልጣን ከማስረዳት ይልቅ ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት የሚከብድ መሆኑን ስላየሁ ነው። ባለሥልጣኑ ያልገባውን በዝምታ ያልፈዋል፤ ልጅ ግን አያልፍም።

የእኅቴ ልጅ ከእኛ ጋር ትኖራለች። እናትዋ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅቱን ስቅ ባላት ቁጥር አያትዋ «እናትሽ ስምሽን አነሣች» ይሏታል። መልካም ማጽናኛ ነው፤ እኔም በልጅነቴ በዚሁ ቃል ተጽናንቻለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ልጅቱ «አጎቴ፣ ሰሞኑን ስቅ ብሎኝ አያውቅም፤ እማዬ ረሳችኝ ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እንግዲህ እውነቱን መናገር ግድ ሆነ።

የጀመርሁት ከአንጥረኛ ወናፍ ነው። ወናፉ ሲከፈት አየር ይስባል፤ ሲጫኑት ይተፋል። የሰውም ደረት እንዲሁ ነው። ከሳንባ በታች፣ ደረትን ከሆድ የሚለይ ድያፍራም የሚባል ሰፊ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ወደ ታች ሲሳብ ሳንባ በአየር ይሞላል፤ ሲላላ አየሩ ይወጣል። ስቅታ ማለት ድያፍራም ያለ ፈቃዳችን ድንገት ሲኮማተር ነው። አየር በኃይል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን 0.035 ሰከንድ ያህል እንደ ቆየ በድምፅ አውታሮች መካከል ያለው በር ግጥም ብሎ ይዘጋል። «ስቅ» የሚለው ድምፅ የሚሰማው በዚህ በር መዘጋት ነው። ከመካከላችን የውሃ መሐንዲሶች የሆናችሁ፣ ውሃ የሚሮጥበት ቧንቧ ባንድ ጊዜ ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። አየር እንደ ውሃ ስላልሆነ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ለልጅ ግን ቧንቧውን ከፍቶ መዝጋት ከብዙ ቃል ይሻላል።

«ማን አዘዘው?» አለችኝ። ለድያፍራም ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ከአንገት ተነሥቶ፣ በልብ አጠገብ አልፎ ይወርዳል። ሌላም ከአንጎል እስከ ሆድ ዕቃ የሚደርስ ነርቭ አለ። በጥድፊያ የበላ ልጅ ሆዱ ሲነፋ፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብ ሲያቃጥል፣ ወይም ጋዝ ያለው ለስላሳ መጠጥ ሲጠጣ እነዚህ መስመሮች ይነካሉ፤ ያልታሰበ ትእዛዝም ይተላለፋል። ትንፋሽን ጥቂት ይዞ መቆየት አንዳንድ ጊዜ የሚረዳው በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ስቅታው ስለሚዳከም ነው። በሐሰት «ሰርቀሃል» ብሎ ልጅን ማስደንገጥ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ቢቀር ይሻላል።

ከሁሉ የከበደው «ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ በውሃ ውስጥ ይተነፍሱ ከነበሩ የጥንት እንስሳት የቀረ ቅርስ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጡት የሚጠባ ሕፃን በሆዱ የገባውን አየር እንዲያስወጣ ይረዳዋል ይላሉ። ለልጅ «ገና አልታወቀም» ብሎ መናገር ነውር የለበትም። የታወቀው ሕፃን በማኅፀን ሳለም ስቅ የሚለው መሆኑ ነው፤ እናቲቱም ይሰማታል። ይህንኑ ነገርኋት፤ ማንም በስሙ ሊያነሣው የማይችል፣ ገና ስም ያልወጣለት ልጅ እንኳ ስቅ ይለዋል አልኋት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያማ ስቅ ባይለኝም ታስበኛለች» አለች። አያትዋም በዚህ ተስማሙ።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ስቅታ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን የሐኪም ጉዳይ ነው። ቻርልስ ኦዝቦርን የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1922 እስከ 1990፣ 68 ዓመት ሙሉ ስቅ ሲለው ኖሯል። እርሱም ቢሆን በዚህ መካከል ትዳር መሥርቶ ልጆች አሳድጓል።