ራዲዮ የማን አንደበት ነው?

(የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



የመረጥነው ርእስ በእንግሊዝ አገር ስላለውና ቢቢሲ ተብሎ ስለሚጠራው የሕዝብ ራዲዮ ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። ራዲዮ የሚሰማ ሰው ሁሉ፥ የሚሰማው ድምፅ በማን እንጀራ እንደሚኖር መጠየቅ ስለሚገባው፥ የዚህን ድርጅት ታሪክ ለምሳሌ አቅርበነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቢቢሲ በ1922 ሲቋቋም የነጋዴዎች ኩባንያ ነበር። የራዲዮ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች፥ የሚሰማ ነገር ከሌለ መሣሪያውን የሚገዛ አይገኝም ብለው ገንዘብ አዋጡና ኖቬምበር 14 ቀን ከሎንዶን ማሠራጨት ጀመሩ። ሥራውን እንዲመሩ የተሾሙት የስኮትላንድ ቄስ ልጅ የሆኑት የ33 ዓመቱ ሚስተር ጆን ሪዝ ነበሩ። እርሳቸውም የራዲዮ ተግባር ወሬን ማስታወቅ፥ ማስተማርና ማስደሰት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1927 ኩባንያው ቀርቶ በንጉሥ ቻርተር የሕዝብ ድርጅት ሆነ።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? በቤቱ ራዲዮ ያለው ሰው ሁሉ በዓመት 10 ሽልንግ እየከፈለ ፈቃድ ያወጣ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ የብዙ ሰው ጥቂት ገንዘብ ተጠራቅሞ ታላቅ ድርጅት አቆመ። በአገሩ ውስጥ የነጋዴ ማስታወቂያ ስለማያሰማም የሀብታም ጥገኛ አልሆነም።

ነገር ግን ነጻነት በቻርተር ብቻ አይገኝም። በ1926 በአገሩ ሁሉ ታላቅ የሥራ ማቆም በሆነ ጊዜ፥ አብዛኞቹ ጋዜጦች ሳይታተሙ ስለ ቀሩ የሕዝቡ ጆሮ ወደ ራዲዮ ዞረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሚስተር ቸርችል መንግሥት ጣቢያውን ይያዘው አሉ። ሚስተር ሪዝ ይህን ተቃውመው ጣቢያውን አዳኑት፤ ሆኖም የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ሚስተር ማክዶናልድ በራዲዮ ልናገር ብለው ቢጠይቁ አልተፈቀደላቸውም። ጣቢያው ከመያዝ ዳነ፤ ግማሹ ሕዝብ ግን ድምፁን ሳያሰማ ቀረ።

ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1956፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ስለ ሱዌዝ ቦይ ግብፅን ወጉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር ኢድን ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። በማግሥቱ የተቃዋሚው መሪ ሚስተር ጌይትስኬል በዚያው ድርጅት ማይክሮፎን ጦርነቱን ነቀፉ። መንግሥት ቢቈጣም ንግግሩ ተሰማ። በ1926 የተከለከለው በ1956 ተፈቀደ፤ በእኛ አስተያየት የዚህ ድርጅት ታላቅ ታሪክ ይህ ነው።

ስለ ክፍሎቹም በአጭሩ እንናገር። በ1939 ጦርነት ሲነሣ የአገር ውስጡ ሥርጭት ወደ አንድ ተጠቃለለ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሦስት ሆነ፤ አንዱ ለወሬና ለቁም ነገር፥ ሁለተኛው ለጨዋታ፥ ሦስተኛው ለረቂቅ ሙዚቃና ለሥነ ጽሑፍ። ወጣቶች ግን የሚወዱትን ዘፈን በባሕር ላይ ካሉ መርከቦች፥ ያለ ፈቃድ ከሚያሠራጩ ጣቢያዎች ይሰሙ ጀመር። በዚህም ምክንያት በ1967 ለወጣቶች ራዲዮ 1 ተከፈተ፤ የቀሩትም ራዲዮ 2፥ 3 እና 4 ተባሉ። በ1994 ደግሞ ለወሬና ለስፖርት ራዲዮ 5 ላይቭ ተጨመረ።

ወደ ውጭ አገር የሚናገረው ክፍል በ1932 በእንግሊዝኛ ተጀመረ። የመጀመሪያው የባዕድ ቋንቋ በ1938 የተጀመረው ዓረብኛ ነው። ምክንያቱም የእኛን አገር ይነካል፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ከወረረች ወዲህ ከባሪ ከተማ በዓረብኛ በእንግሊዝ ላይ ብርቱ ስብከት ታሰማ ስለ ነበር፥ ለዚያ መልስ እንዲሆን ነው። በ2017 አማርኛ፥ ኦሮምኛና ትግርኛ ተጨመሩ። የዓረብኛው ራዲዮ ግን ከ85 ዓመት በኋላ፥ በ2023፥ ገንዘብ ለመቈጠብ ተብሎ ተዘጋ። እንጀራው ሲያጥር ድምፁም ያጥራልና።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ ዘንድሮ ከዚህ ግቢ ወጥተን ብዙ ድምፅ ወደሚሰማበት ዓለም እንሄዳለን። በራዲዮም ሆነ በእጅ ስልክ ወሬ ሲደርሰን ሁለት ነገር እንጠይቅ። ይህን ድምፅ የሚመግበው ማን ነው? ከመጋቢው ጋር የማይስማማ ሰውስ ይናገርበታልን? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አይናገርበትም» ከሆነ፥ የሰማነው ገና ግማሹን ነውና ለማመን አንቸኩል።