ፊልሙን መጀመሪያ ለባለቤቱ
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ተናገር ስላላችሁኝ በምሳሌ ላስረዳ። ጨንቻ አጠገብ፣ ዶርዜ፣ ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ ተሸምኖ ነው። አዲስ ሲሆን በጣም ረጅም ነው። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ያጥራል፤ እንዲህ እያለ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

በአብዛኞቹ ፊልሞች የምናየው ቤቱን ከውጭ፣ ቀጥሎም ጭፈራውን ነው። ተራኪው ያወራል፤ ባለቤቱ ዝም! እኔ የምለው፣ ቀርከሃው እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚሰነጠቅ ሽማግሌው በራሳቸው ቋንቋ ይንገሩን፤ አማርኛው ከሥር ይጻፍ። ሲሠሩም እጃቸው በደንብ ይታይ፤ በቃል የማይነገር ብዙ ሙያ አለ።

ሩቅ መሄድም የግድ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ጥበብ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ስለ ድሩና ስለ ማጉ ጠይቋቸው። ለመቅረጽ ስልክ ይበቃል፤ ድምፁን ግን ጠጋ ብላችሁ ቅዱ። ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ይታለፋል፤ ንግግሩ ካልተሰማ ግን ምን ቀረ?

ሲያልቅ መጀመሪያ ለተቀረጹት ሰዎች አሳዩ። «ይሄ እንዲህ አይደለም» ካሉ አርሙት። አንድ ቅጂም እዚያው ቀበሌው ትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ ልጆቹ ይዩት።

ሐሳቤ ይኸው ነው፦ በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዳችን ከተወለድንበት አካባቢ አንድ የ10 ደቂቃ ፊልም ይዘን እንምጣ። የሚያውቁት አዛውንቶች ዛሬ አሉ፤ ዛሬ እንጠይቃቸው።