ቆዳ ጠቆረ ተብሎ መድኃኒት አይቋረጥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው። ደዌው ይድናል። ኪኒኑ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይዋጣል፤ የሚሰጠውም በነፃ ነው። ችግሩ ወዲህ ነው። ከኪኒኖቹ አንዱ፣ ክሎፋዚሚን የሚባለው፣ ቆዳን ያጠቁራል፣ ያደርቃል። ሪፋምፒሲን የሚባለው ደግሞ ሽንትን ያቀላል። ይህን ያየ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ ያቋርጣል፤ ጎረቤትም ፊቱን አይቶ ይሸሸዋል። ጥቁረቱ ግን የመድኃኒቱ እንጂ የበሽታው አይደለም። ኪኒኑ ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል።

ስለዚህ አደራ የምንለው፦

1ኛ/ ኪኒን አይቋረጥ። የደረቀ ቆዳ በውሃ ይራስ፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ይቀባ።

2ኛ/ እግሩ የደነዘዘ ሰው እሳትም እሾህም አይሰማውም። ጫማ ያድርግ፤ ማታ ማታ እግሩን አገላብጦ ይይ።

3ኛ/ ቆዳው ካበጠ ወይም ዓይኑን ካመመው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለዚህ ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ቅርባችን ነው።

4ኛ/ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። ቡና እንጥራው፤ በእድሩም አብረን እንቀመጥ።

ገላው ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያለው ሰው አይደበቅ። ቶሎ የታከመ አካሉ ሳይጎዳ ይድናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ