እድር በወረርሽኝ ዘመን፦ ከግቢ ጉባኤ ወደ ስልክ

አንደኛ አቅራቢ፦ እድር፣ ማለትም አባላቱ በየወሩ መዋጮ እየከፈሉ ሞት ሲያጋጥም ለሐዘንተኛው ገንዘብ፣ ድንኳንና ጉልበት የሚያቀርቡበት የመረዳጃ ማኅበር፣ በአካል መገናኘትን መሠረት ያደረገ ተቋም ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ በዚያው ወር መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ የእድሩ ጉባኤም በክልከላው ሥር ወደቀ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይሁንና በአዲስ አበባው የልደታ ሰፈር ርቀት አዲስ ፈተና አልነበረም፤ ቀደም ሲል የተካሄደው መልሶ ማልማት፣ ማለትም አሮጌ ሰፈርን አፍርሶ እንደ አዲስ መገንባት፣ የብዙ እድርተኞችን ጉርብትና በትኖ ነበርና።

አንደኛ አቅራቢ፦ በእርግጥም ጥሪና መዋጮ ወደ ስልክ ሊሻገሩ ይችላሉ፤ የቴሌግራም ቡድን የጡሩምባ ነፊውን፣ ማለትም ሞትን እየዞረ የሚያሳውቀውን ሰው፣ መልእክት ያደርሳል፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትም ክፍያን ያቃልላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ነገር ግን ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት መቋረጡ የዚህን መንገድ ስስነት አሳይቷል፤ ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው አረጋውያንም ከውይይቱ ይቀራሉ፣ ለቅሶ መድረስም በምስል አይተካም። ስለዚህ እድሮች የትኛው ውሳኔ በርቀት፣ የትኛው በጉባኤ እንደሚጸድቅ በመተዳደሪያ ደንባቸው አስቀድመው ቢወስኑ፣ ለሚቀጥለው ችግር የተዘጋጁ ይሆናሉ።