ሰርጋችን፣ ወርቃችንና ዕዳችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ርዕስ «ዱንያን መናቅ» የሚል ነበር። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ርዕስ ደግሞ ማንንም አይነካም። ዱንያ ጠፊ ናት ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማለን፤ ከዚያም ጫማችንን አጥልቀን ወደ ገበያችን እንመለሳለን። ስለዚህ በእናንተ ፈቃድ ርዕሱን ላጥበውና ዱንያ በየቤታችን ገብታ ስለምትነግሥበት አንድ ጉዳይ ልናገር። እርሱም ሰርጋችን ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ዙህድ ማለት ድህነት ማለት አይደለም። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ የተባሉት የመዲና ወንድማቸው ሀብታቸውን እኩል ሊያካፍሏቸው ተነሱ። እርሳቸው ግን አመስግነው የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያመለክቷቸው ጠየቁ። በቅቤና በደረቅ አይብ ንግድ ጀምረው ከሶሓባ ባለሀብቶች አንዱ ሆኑ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋንም (ረ.ዐ.) የሩማን የውሃ ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች የሰጡት ገንዘብ ስለነበራቸው ነው። በሌላ በኩል ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) የመዳኢን አስተዳዳሪ ሆነው ሳለ ከዘንባባ ቅጠል ቅርጫት እየሠሩ በእጃቸው ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ነጋዴውም ባለቅርጫቱም የአንድ መምህር ተማሪዎች ናቸው። ቁርአን በ102ኛው ሱራ፣ በአት-ተካሡር፣ የሚወቅሰው የገንዘብን መኖር አይደለም፤ እሽቅድምድሙን ነው። እኔ ከእገሌ እበልጣለሁ እየተባለ እስከ መቃብር ድረስ የሚኬደውን መንገድ ነው የሚወቅሰው።

ይህ እሽቅድምድም ከሰርግ ይልቅ የት ጎልቶ ይታያል? እስቲ አንድ የዛሬ ሰርግ ቁጠሩልኝ። ሽምግልና አለ፤ ቀለበት አለ፤ የሒና ምሽት አለ፤ ኒካህ አለ፤ አዳራሽ አለ፤ መልስ አለ፤ ቅልቅል አለ። ለእያንዳንዱ ልብስ ይገዛል ወይም ይከራያል። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ቀራጭ ይጠራል፤ አሁንማ ከሰማይ የሚቀርጽም መጥቷል። ከዚህ ሁሉ መካከል ጋብቻውን ጋብቻ የሚያደርገው ኒካሑ ብቻ ነው፤ እርሱም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። የቀረውን ሁሉ የጨመርነው እኛው ነን።

ወርቁ ደግሞ ለብቻው ይነሳ። የኢትዮጵያ ብር ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወርቅም አብሮ ወጣ። ሀብሉ፣ አምባሩና የጆሮ ጉትቻው ግን ከዝርዝሩ አልወረደም። ዋጋው በእጥፍ ሲወጣ ልማዱ አንድ ግራም እንኳ አልቀነሰም። የወጣቱ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልወጣም። ውጤቱን በየሰፈራችን እናየዋለን። ሠላሳውን አልፎ «ገና አልተዘጋጀሁም» የሚል ወንድም፣ ዕድሜዋ እየሄደ ሽማግሌ የምትጠብቅ እህት። ወደ ሐራም የሚያመራው በር በሰፊው ተከፍቶ ሳለ ወደ ሐላሉ በሚወስደው በር ላይ ይህን የሚያህል ድንጋይ ያስቀመጥነው እኛ ወላጆች ነን።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለባለቤቶቻቸው የሰጡትን መህር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተጠይቀው አሥራ ሁለት ተኩል ኡቂያ፣ ማለትም 500 ዲርሃም እንደነበረ ተናግረዋል። በዛሬ ሚዛን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ብር ይሆናል። ብር ስል የኪሳችሁን ወረቀት ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ዓሊ (ረ.ዐ.) የነብዩን ልጅ ፋጢማን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ ለመህር የሰጡት የጦር ጥሩራቸውን ነው። ለቤታቸው የተሰጣቸው ዕቃም ወፍራም ጨርቅ፣ የቆዳ ውሃ መያዣና ኢዝኺር የተባለ ሣር የተጠቀጠቀበት የቆዳ ትራስ ነበር። የብረት ቀለበት እንኳ ፈልጎ ያጣ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ቁርአን ለሚስቱ ሊያስተምር ተድሯል። ሰፊያን (ረ.ዐ.) ሲያገቡም የወሊማው ምግብ በቆዳ ላይ የቀረበ ተምር፣ ደረቅ አይብና ቅቤ ነበር።

እዚህ ላይ እናቶች የሚሉኝን አውቃለሁ። «ልጄ ርካሽ አይደለችም» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ደግሞም ይህን ክርክር የሚያቃልል ሰው ነገሩን አልገባውም። ቀላል ሰርግ እናድርግ ሲባል በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚቀነሰው የሙሽራዋ መህር ነው፤ ድንኳኑ፣ በሬውና የመኪናው ሰልፍ ግን እንዳለ ይቀራል። ይህ ግፍ ነው። መህር በሱረቱ ኒሳእ የተደነገገ የሴቲቱ የራሷ ገንዘብ ነው፤ አባትም ባልም በግድ አይነኩትም። ክፉ ቀን ቢመጣ የምትይዘው እርሱን ነው። ለአዳራሽ የሚከፈለው ገንዘብ ግን በማግስቱ የማንም አይደለም። ስለዚህ ስንቀንስ ከድግሱ እንቀንስ፤ መህሩንም ወንዱ በሚችለው ልክ ተስማምተን በጊዜው እንስጣት። በወረቀት ላይ ብዙ ተጽፎ ለዘመናት ሳይከፈል የሚቀር መህር ለማንም ክብር አይሆንም።

ወደ ዕዳው እንምጣ። ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጀናዛ ሰላት እንዲሰግዱበት አንድ ሟች በቀረበ ጊዜ ዕዳ እንዳለበት ጠየቁ። ሦስት ዲናር እንዳለበትና መክፈያ እንዳልተወ ሲነገራቸው ሌሎች እንዲሰግዱበት አዘዙ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን ሲሉ ነው የሰገዱበት። በኋላ አላህ ሲሳዩን በከፈተ ጊዜ የሟቾችን ዕዳ ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። ጉዳዩ ሦስት ዲናር ነበር! እኛ ዘንድ አንዱ ዕቁቡን ቀድሞ አውጥቶ ይሰርግና ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጥል ይኖራል። ሌላው ከአሠሪው፣ ከአማቹና ከባለሱቁ ይበደራል። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከወለድ ለመራቅ ሲጨነቅ ለኖረው ሕዝባችን ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ነገር ግን ከወለድ የጸዳ ዕዳም ዕዳ ነው፤ ለአንድ ቀን ድግስ ሲባል የሚገባበት አይደለም።

ከዚህም የከፋ አለ። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግል እህት የላከችው ገንዘብ የወንድሟ ሰርግ ላይ ሲበተን ታያላችሁ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከእነርሱ መካከል ለዓመታት የላኩት ገንዘብ አልቆ የጠበቃቸው ብዙዎች ነበሩ። ለቀለብና ለትምህርት የዋለውን ማንም አይቆጭበትም። በሻይና በጭለማ ተነስታ፣ ሌሊት ተኝታ ሳትጠግብ ያገኘችው ሪዝቅ ግን ለአበባና ለመብራት ማስጌጫ ሲውል ዝም ብላችሁ የተመለከታችሁ ሽማግሌዎች አላህ ዘንድ የምትመልሱት ይኑራችሁ።

ስለ ወርቅ አንድ ነገር ልጨምር። 85 ግራምና ከዚያ በላይ ወርቅ ያላት እህት ዓመት ሲሞላው 2.5 ከመቶ ዘካ ይመጣባታል። ለሚደረግ ጌጥ በሻፊዒ መዝሀብ ዘካ የለበትም፤ በሐነፊ ግን አለበት። በአገራችን ሁለቱም ተከታይ ስላላቸው የየራሳችሁን ዑለማእ ጠይቁ። እኔ የምጠይቀው ከዚያ የቀለለ ነው፤ ከሰርጉ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ አደረጋችሁት?

ይህን ሁሉ ስናገር ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ አያለሁ። ገብቶኛል። መስጊዶቻችንም በምንጣፍና በመብራት መፎካከር ጀምረዋል። የነብዩ መስጊድ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል ነበር። ዑስማን (ረ.ዐ.) በዘመናቸው በተጠረበ ድንጋይ አሠርተው ሲያሰፉት ያጉረመረሙ እንደነበሩም እናውቃለን፤ እርሳቸው ግን ሰጋጁ ስለበዛ ማስፋት ነበረባቸው። ስለዚህ ለሰጋጁ የሚጠቅመው ይሠራ። ለአላፊ አግዳሚው መታያ የሚሆነውን ግን ኮሚቴያችን በሚቀጥለው ስብሰባ ቢያየው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ረመዷን ሲያልፍ በሸዋል ሰርግ ይበዛል። ሰው የሚፈራው «ሰው ምን ይላል» የሚለውን ስለሆነ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊጀምረው ይከብደዋል፤ አምስት ቤተሰብ ግን ይችላል። ሐሳቤ ይህ ነው። ኒካሑ ከዐስር ሰላት በኋላ እዚሁ መስጊድ ይታሰር። ወሊማው አንድ ቀን፣ አንድ ማዕድ ይሁን። የሰፈሩ ድሃ ከሁሉ በፊት ይጠራ፤ ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የተተዉበት ወሊማ ምን ያህል የተነቀፈ እንደሆነ ሐዲሱን ታውቁታላችሁ። ድስቱ፣ ሰሐኑና ምንጣፉ እድራችን ዘንድ ስላለ ኪራይ አያስፈልግም። ለእንጨቱና ለወጡ ሴቶቻችን ያውቁበታል፤ ወንዶችም ውሃ ብንቀዳላቸው አይከፋም።

በመጪው ሸዋል ወንድ ወይም ሴት ልጃችሁን ለመዳር ያሰባችሁ ወላጆች ከዛሬው መግሪብ በኋላ በምሥራቁ በር አጠገብ እጠብቃችኋለሁ። ሙሽሮቹም ቢመጡ መልካም ነው፤ ጉዳዩ የእነርሱ ነውና።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።